ከ12ኛ ክፍል ሒሳብ ምን ወጣ?

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነስቶ በፒያሳ አድርጎ ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ የዘመናዊ ትምህርታችንን ታሪክ በከፊል በእግሩ ያቋርጠዋል። ድልድዩ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የሚኒስትሮች ካቢኔ ሲያቋቁሙ የጦር ሚኒስትር ያደረጓቸው ሰው ናቸው። በዚያው ዘመን ከዚያው አካባቢ ብዙም ሳይርቅ የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ የኮፕት መምህራን እጅ ቋንቋና ሒሳብ ማስተማር ጀመረ። አራት ኪሎ ላይ በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግቢ ዛሬም የሳይንስ መማሪያ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተጨምሯል፤ ለፈተና የሚያጠና ወጣት በጠዋት መቀመጫ የሚሻማበት ቦታ ሆኗል።

እዚያ የተቀመጠ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊት ለፊት ምን እንደተዘረጋ ማየት አይከብድም፤ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የትምህርት ቤቱ ወርክሺት፣ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ፎቶ ኮፒ፣ ቴሌግራም ላይ የተከፈተ ስልክ። ከአራቱ ሦስቱ ስለ ምርጫ ጥያቄ ናቸው። ወረቀቱ ዳር ላይ የሚታየው ስሌትም አጭር ነው፤ መልሱ ከአራቱ አማራጮች ከአንዱ ጋር ሲገጥም እዚያው ይቆማል።

በሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመታት ስለሚሰጠው ከፍ ያለ ሒሳብ በአገራችን ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ አንድ ቁጥር ይዞራል፤ ስንቱ አለፈ? ቁጥሩ በእርግጥ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ከእሱ በፊት መነሣት ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ተማሪው የሚማረው የትኛውን ሒሳብ ነው? የሚጠየቀውስ እንዴት ነው? ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት የትምህርት ዓመቱ አከፋፈል፣ ማስተማሪያው፣ መጽሐፉና የፈተናው ቦታ ደጋግመው ተለዋውጠዋል። በእነዚህ ሁሉ ለውጦች መካከል ቀስ እያለ የወጣው ነገር ደግሞ ማረጋገጥ ነው፤ ተማሪው «ለምን?» ተብሎ የሚጠየቅበትና መንገዱን ጽፎ የሚያሳይበት ክፍል።

ወርዶ የወጣው ሒሳብ

ታሪኩን ከ1950ዎቹ መጀመር ይቻላል። በ1954 ዓ.ም. ክረምት በኡጋንዳ ኢንቴቤ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ፕሮግራም ኢትዮጵያን ጨምሮ የበርካታ አገሮችን መምህራን ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የሒሳብ ሊቃውንት ጋር አሰባሰበ። ዓላማው በዚያን ጊዜ «አዲሱ ሒሳብ» ይባል የነበረውን አቀራረብ ወደ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች ማስገባት ነበር፤ ከስብስብ ጽንሰ ሐሳብ የሚነሣ፣ ምክንያትን ከስሌት የሚያስቀድም። በቀጣዩ ዓመት መስከረም የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ሲሰማሩ ሒሳብና ሳይንስ የያዙም ነበሩባቸው። ተማሪው በመጨረሻ የሚቀመጥለት ፈተና የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ነበር፤ በአፍ «ማትሪክ» የሚባለው። ስሙ ዛሬም ከፈተናው ዕድሜ በላይ እየኖረ ነው።

ትልቁ መታጠፊያ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ 10ኛ ላይ እንዲቆም፣ 11ኛና 12ኛ «መሰናዶ» እንዲሆኑ ተደረገ። ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዓመት ይሰጥ የነበረው ጠቅላላ ትምህርት ወደ መሰናዶ ወረደ፤ አብዛኛው የአራት ዓመት ዲግሪም ወደ ሦስት አጠረ። የመጀመሪያዎቹ የመሰናዶ ተማሪዎች የመግቢያ ፈተናቸውን በ1995 ዓ.ም. ወሰዱ።

ሒሳቡ በዚህ ምክንያት ከበደ፤ መክበዱም ሆን ተብሎ ነበር። በዚያ ሥርዓት የመጨረሻው ዘመን የነበሩት መጻሕፍት ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ በ11ኛ ክፍል የሒሳብ አመክንዮን፣ ማትሪክስና ዲተርሚናንትን፣ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን፣ ቬክተርና ትሪጎኖሜትሪን ይሰጡ ነበር። 12ኛ ላይ ሲኩዌንስና ሲሪስ፣ ሊሚትና ኮንቲኒዩቲ፣ ዴሪቬቲቭና አጠቃቀሙ፣ ኢንተግራል፣ የሦስት አውታር ጂኦሜትሪ፣ በመጨረሻም «የሒሳብ ማረጋገጫ» የሚል ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበር። የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ በአንዳንዶቹ ምዕራፎች ፋንታ ሊኒየር ፕሮግራሚንግና የንግድ ሒሳብ ይደርሰው ነበር። ዝርዝሩን ላየ ሰው ከየትኛውም አገር የመጨረሻ ዓመት ሒሳብ ጋር ቢነጻጸር የሚያሳፍር አይደለም።

ችግሩ ዝርዝሩና ክፍሉ ሳይገናኙ መቅረታቸው ነበር። በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» መጣ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሌሎች ትምህርቶች ሥርጭት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ገባ። ክፍለ ጊዜውን በአብዛኛው የሚይዘው ማያው ነው፤ ለመምህሩ የቀረው ከሥርጭቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ለመግቢያ፣ ከሥርጭቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ለማጠቃለያ ነበር። በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ። ማያው ላይ «አሁን እናንተ ሞክሩ» ይባላል፤ ተማሪው ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። ማቆም አይቻልም፤ መጠየቅም አይቻልም። ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ የተጎዳው ትምህርት ሒሳብ ነው፤ አንድ መስመር ያመለጠው ተማሪ የሚቀጥለውን መስመር ሊይዝ አይችልምና።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ የሚያዘው ፖሊሲ ሲመጣ ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎች ተጨናነቁ። ሒሳብ የሚወድም የሚፈራም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ገባ።

ከዚያ የወረደው ሒሳብ ወደ መጣበት መመለስ ጀመረ። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የትምህርት ፍኖተ ካርታ ተከትሎ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ፤ በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ጀመሩ። ለተፈጥሮ ሳይንስ ገቢዎች የተዘጋጀው የሒሳብ ኮርስ የሚጀምረው ከአመክንዮና ከስብስብ ነው፤ ወደ ሪልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ወደ ፈንክሽን፣ ወደ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ያመራል። መሰናዶ ይይዘው የነበረው ብዙው ነገር ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤቶች የገቡት አዲሶቹ መጻሕፍት ይህን ያጸኑታል። የአዲሱ 11ኛ ክፍል ሒሳብ ሪሌሽንና ፈንክሽን፣ ራሽናል ፈንክሽን፣ ማትሪክስ፣ ዲተርሚናንት፣ ቬክተር፣ ትራንስፎርሜሽን፣ ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ነው። 12ኛው አምስት ምዕራፎች ብቻ አሉት፤ ሲኩዌንስና ሲሪስ፣ የካልኩለስ መግቢያ፣ ስታቲስቲክስ፣ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ እና ሒሳብ በንግድ ሥራ። ኮምፕሌክስ ቁጥሮች የሉም። የሦስት አውታር ጂኦሜትሪ የለም። የማረጋገጫው ምዕራፍም የለም። ቀድሞ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ብቻ ይማራቸው የነበሩት ሁለት ምዕራፎች አሁን የሁሉም ሆነዋል።

ለዚህ ውሳኔ ቀላል የማይባል ምክንያት አለ። ኮምፕሌክስ ቁጥሮች በመጽሐፍ ላይ መኖራቸው ብቻውን ተማሪው ተማራቸው ማለት አልነበረም፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ሳይሸፍኑ ዓመቱ ያልቅ ነበር። ወለድና ብድር ማስላት የሚችል፣ የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ የሚያነብ ዜጋ ማፍራትም የሚናቅ ግብ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ለሁሉም የሚበቃው ከተሰጠ በኋላ፣ ከዚያ በላይ ለሚፈልገው ተማሪ ምን ተተወለት?

ፊደል ማጥቆር

የመጽሐፉ ምዕራፍ ከመውጣቱ በፊት ማረጋገጥን ከክፍል ያስወጣው ፈተናው ነው። ብሔራዊ ፈተናው በሙሉ ምርጫ ነው። ይህ ምን እንደሚያደርግ በአንድ ጥያቄ ማየት ይቻላል። «የመጀመሪያዎቹ 100 ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር ስንት ነው?»

ለፈተና የሠለጠነ ተማሪ እንዲህ ያደርጋል። 1 ራሱ 1 ነው። 1 ሲደመር 3፣ 4 ነው። 1 ሲደመር 3 ሲደመር 5፣ 9 ነው። 1፣ 4፣ 9፦ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ስኩዌር። ስለዚህ የ100ው 10,000 ነው፤ ፊደሏን ያጠቁራል፣ ያልፋል። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ትክክልም ነው።

የማረጋገጫው ምዕራፍ የሚጠይቀው ቀጣዩን እርምጃ ነበር። የመጀመሪያዎቹ 10 ጎዶሎ ቁጥሮች ድምር 100 ከሆነ፣ 11ኛው ጎዶሎ ቁጥር 21 ነው፤ ሲደመር 121 ይሆናል፣ 11 በ11። ይህ ከ10 ወደ 11 የሚያሻግረው እርምጃ ከየትኛውም ቁጥር ወደ ቀጣዩ እንደሚያሻግር በፊደል ጽፎ ማሳየት፤ ማቲማቲካል ኢንዳክሽን ማለት ይኸው ነው። «ሦስቴ ሠርቷልና ሁልጊዜ ይሠራል» ብሎ ማለፍ አይቻልም ማለት ነው።

አይቻልም የሚባለውም ለወጉ አይደለም። በሊዮናርድ ኦይለር ስም የሚታወቅ አንድ ቀመር አለ። ከ0 ጀምሮ ያለን ሙሉ ቁጥር በራሱ ማባዛት፣ ራሱን ቁጥሩን መደመር፣ 41 መጨመር። 0 ሲገባ 41 ይወጣል፤ 1 ሲገባ 43፤ 2 ሲገባ 47፤ ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች። እስከ 39 ድረስ 40 ጊዜ ተከታትሎ ብቸኛ ቁጥር ይሰጣል። 40 ሲገባ ግን 1,681 ይወጣል፤ እሱም 41 በ41 ነው። ሦስት ሞክሮ ፊደል የሚያጠቁር ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ደግሞም ለምን እንደተሳሳተ የሚያውቅበት መሣሪያ አልተሰጠውም።

መምህራን ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የፈተና ወር ሲቃረብ ወላጅም፣ ርዕሰ መምህርም፣ ተማሪው ራሱም የሚጠይቀው «ቴክኒክ» ነው። ማጠናከሪያ የሚሰጡ ቱቶሮችና ሞዴል ፈተና የሚያባዙ ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሚኖሩት በዚሁ ፍላጎት ላይ ነው። ሽምደዳ በሒሳብ አይሠራም ሲባል ይሰማል፤ በምርጫ ፈተና ግን የጥያቄ ዓይነት መሸምደድ ይሠራል።

ፈተናው ራሱም ለዓመታት ሲታመም የቆየ ነው። በግንቦት 2008 የመግቢያ ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ ወጥቶ ተሰርዞ በሐምሌ ተደገመ። ኩረጃው ከዚያ በኋላም ቀጠለ። ትምህርት ሚኒስቴር የ2014ን ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ አስገብቶ ሲሰጥ፣ የማለፊያውን ወለልም 50 በመቶ ሲያደርግ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። ከ896 ሺሕ በላይ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ደረሰ። እነዚህ የሁሉም ትምህርቶች ድምር ውጤቶች ናቸው፤ ወለሉን ላላለፉት በተከፈተው የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር ውስጥም ሒሳብ ተካቷል።

ከዚህ ውጤት ጀርባ የቋንቋው ጉዳይም አለ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሒሳብን በአማርኛ የጀመረ ልጅ ከ7ኛ ክፍል ወዲያ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይቀጥላል። መምህሩ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአማርኛ ያስረዳል፤ ተማሪው የሰማውን ሳይሆን የተጻፈውን ይገለብጣል። ለስሌት ይህ ይበቃ ይሆናል። «እንበል»፣ «ስለዚህ»፣ «ይህ ከሆነ ግን» እያለ ለሚሄድ ማረጋገጫ ግን ተማሪው የሚያስብበትና የሚጽፍበት ቋንቋ መገናኘት አለባቸው። መልስ ወረቀቱ ላይ ፊደል ብቻ ስለሚጠቆር አለመገናኘታቸውን ማንም አያይም።

ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው ሌላ መንገድ

ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ቸርችል ጎዳና ለሚወርድ ሰው ልዩነቱ በእግር ርቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው ሊሴ ገብረ ማርያም ተማሪዎቹን ባካሎሬያ ለሚባለው የፈረንሳይ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ያዘጋጃል። በፈረንሳይ ሥርዓት በመጨረሻው ዓመት ሒሳብን በልዩ ትምህርትነት የመረጠ ተማሪ በሳምንት 6 ሰዓት ይማራል። በዚያ ላይ የበለጠ ለሚፈልግ 3 ሰዓት የሚወስድ ተጨማሪ ኮርስ አለ፤ ይዘቱ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ፣ ማትሪክስና ግራፍ ነው። የመጨረሻው ፈተና 4 ሰዓት የሚጻፍ ነው፤ ነጥብ የሚሰጠው ለመንገዱም ጭምር ነው። ተማሪው መልሱን ስቶ ሐሳቡን በትክክል ካሳየ የሚያገኘው ነገር አለ። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የሚሄደውና ሊሴ የሚገባው ተማሪ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዕድሜ፣ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦችን ይማራሉ።

ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ አልተረጋጉም። እ.ኤ.አ. በ2019 ባደረጉት ማሻሻያ ሒሳብን በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከሁሉም የጋራ ትምህርት አውጥተው በምርጫ ብቻ አስቀሩት። ተቃውሞው ሲበረታ፣ በተለይም ሒሳብን የሚተዉ ሴቶች ቁጥር ሲጎላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከመጨረሻው በፊት ላለው ዓመት የግዴታ ሰዓት መለሱ። ኬንያ ደግሞ ለአዲሱ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃዋ ሒሳብን በምርጫ ልታደርግ አስባ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ከሕዝብ ክርክር በኋላ ለሁሉም የግዴታ እንዲሆን ወሰነች፤ ነገር ግን በሁለት ደረጃ። ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ጠለቅ ያለው፣ ለሌሎቹ መሠረታዊው። እንግሊዝ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ «ሒሳብ» እና «ተጨማሪ ሒሳብ» የሚባሉ ሁለት የተለያዩ የመጨረሻ ዓመት ፈተናዎች አሏት። እነዚህ አገሮች በሚለያዩበት ሁሉ ተለያይተው በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ አንድ መጽሐፍ ለሁሉም አይበቃም ብለው ወስነዋል።

ከክርክሮቹ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው በካሊፎርኒያ የተነሣው ነው። የግዛቷ የሒሳብ ማዕቀፍ ለተማሪዎች እኩልነት ሲባል ስታቲስቲክስና ዳታን ወደ ፊት እንዲያመጣ ሲታቀድ፣ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሁለተኛውን አልጀብራ በዳታ ሳይንስ ተኩት። ከተቃወሙት ሰዎች ቀድሞ ስሙ የሚነሣው የበርክሊው ፕሮፌሰር ጄላኒ ኔልሰን ነው፤ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። የክርክሩ ጭብጥ እንዲህ ሊጠቃለል ይችላል። ጠንካራውን ሒሳብ ከሕዝብ ትምህርት ቤት ማውጣት የሀብታሙን ልጅ አይጎዳም፤ እሱ ገንዘብ ከፍሎ ሌላ ቦታ ይማረዋል፤ የሚጎዳው ሌላ በር የሌለው ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለመግቢያ መስፈርቱ ዳታ ሳይንስ አልጀብራውን ሊተካ አይችልም ብሎ ወሰነ።

ኔልሰን ለአዲስ አበባ ልጆች እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. ክረምት አዲስኮደር የተባለውን ነጻ ሥልጠና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጀመረው እሱ ነው። ሥልጠናው አራት ሳምንት ነው፤ ፕሮግራም በመጻፍ ተጀምሮ ወደ አልጎሪዝም ይገባል፣ አንድ ዘዴ ከሌላው ለምን እንደሚፈጥን በሒሳብ መከራከርን ይጠይቃል። ብዙዎቹ ገቢዎች ከመንግሥት ትምህርት ቤት የመጡ፣ ከዚያ በፊት ኮድ ጽፈው የማያውቁ ናቸው፤ ከተመራቂዎቹ ውስጥ በኋላ ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. የገቡ አሉ። ከሥልጠናው የሚገኘው ማስረጃ ይህ ነው፤ ተማሪው አለ፣ አቅሙም አለ። የሌለው በመደበኛው የትምህርት ዓመት ውስጥ የተመደበለት ሰዓት ነው። እንደ መቐለው ቃላሚኖ ያሉ ልዩ ትምህርት ቤቶች ይህን በከፊል ያሟላሉ፤ የመግቢያ በራቸው ግን ጠባብ ነው፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ነው።

መምህሩና ቀሪው ሥራ

ጠለቅ ያለ ኮርስ ይምጣ ቢባል ማን ያስተምረዋል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ አያልፍም። በዩኒቨርሲቲዎች የሒሳብ ትምህርት ክፍልን በመጀመሪያ ምርጫው የሚሞላ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ብዙው በምደባ ይገባል፣ ተመርቆም ከማስተማር የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል። የደሞዙ ነገር የታወቀ ነው። ከአሁን በኋላ የሚመጣው መምህር ደግሞ ራሱ በአዲሱ መጽሐፍ የተማረ፣ ማረጋገጫ የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያየ ይሆናል። ጉድለቱ በዚህ መንገድ ራሱን ይወልዳል።

የፒያሳ ልጆች ሌላም ጣጣ አለባቸው። በ2016 ዓ.ም. በጀመረው የኮሪደር ልማት የአራዳ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰቦች እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ቀድሞ ከትምህርት ቤት በእግር ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄድ የነበረው ተማሪ አሁን በታክሲ ሰልፍ የሚያጠፋው ሰዓት አለ፤ ያ ሰዓት የሚቀነሰው ከጥናቱ ላይ ነው።

ያም ሆኖ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። አንደኛው፣ የወጡትን ምዕራፎች ለሁሉም ሳይመልሱ በምርጫ የሚወሰድ ተጨማሪ ሒሳብ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ ማስተማሪያው በ11ኛና 12ኛ አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ለአንድ ትምህርት ቤት መምህር ባይገኝ እንኳ ለአንድ ክፍለ ከተማ አንድ የቅዳሜ ክፍል መክፈት ይቻላል። አራዳ ለዚህ ከማንም ይልቅ የተመቸ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ እዚያው ነውና። ሁለተኛው፣ ቢያንስ በትምህርት ቤት ደረጃ በሚሰጡ ፈተናዎች ላይ ምክንያት ተጽፎ የሚመለስ አንድ ሁለት ጥያቄ ማስገደድ ነው። 60 ተማሪ ላለው መምህር እርማቱ ሸክም መሆኑ አይካድም፤ ግን በመንፈቅ አንዴ የሚሠራ ነው።

ብሔራዊ ፈተናው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈታኞቹ አንድ ክፍል በኮምፒውተር እየተፈተነ ነው። ኮምፒውተሩ ኩረጃን ይቀንሳል፣ ውጤትን ያፈጥናል፤ የሚያርመው ግን የተመረጠውን ፊደል ብቻ ነው። በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ተፈታኝ የጻፈውን ማረጋገጫ የሚያነብ ሰው ማሰማራት ከባድ ከሆነ፣ ተጨማሪ ሒሳብ ለመረጡት ብቻ በወረቀት የሚሰጥ አንድ ተጨማሪ ፈተና ማዘጋጀት ይቻላል፤ አራሚዎቹም የሒሳብ ትምህርት ክፍሎቹ ራሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ፈተና ካለ ቱቶሩም፣ ወርክሺቱም፣ የቴሌግራሙ ቻናልም በራሳቸው ጊዜ ወደ እሱ ይዞራሉ፤ እስካሁን የተከተሉት ፈተናውን ነውና።